ወደ ዳይሬክት ድራይቭ መሪ መሸጋገር፦ ከመምረጥ እስከ ማስተካከል

ዳይሬክት ድራይቭ (ሞተሩ በቀጥታ ከመሪው ጋር የተያያዘ የመኪና ጌም መሪ) ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኒውተን ሜትር ነው?» ብሎ ነው፤ የማዞር ጉልበቱ ስንት ነው ማለቱ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መጀመሪያ ላይ መምጣቱ ነው ችግሩ። ጉልበት ብቻ ብሎ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የዛለ ክንድና የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ነው። የዚህ ዕቃ ትልቁ ጥቅም ዝርዝሩ ነው። ጎማው መሬት ላይ የሚያደርገው ነገር ሳይድበሰበስና ሳይዘገይ መዳፍ ላይ ይደርሳል። ትርፍ ጉልበት የሚያስፈልገውም ያ ዝርዝር ጫፉ ላይ እንዳይቆረጥ ነው እንጂ ከመሪ ጋር ለመታገል አይደለም።

የምጽፈው አሁን ሎጂቴክ ጂ29ን፣ ትረስትማስተር ቲ300ን ወይም የእነሱን ቢጤ ይዛችሁ ለምትነዱ ነው። ቤዝ የምለው ሞተሩን የያዘውን ሳጥን ነው። መሪ የምለው ደግሞ በእጅ የሚያዘውን ክብ።

ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

በተለመደው የጌም መሪ ውስጥ ያለው ሞተር ትንሽ ነው። ጉልበቱ ስለማይበቃ በጥርስ ወይም በቺንጋ ይባዛል። በ2006 ከወጣው ሎጂቴክ ጂ25 ጀምሮ እስከ ጂ29 እና ጂ923 ድረስ ያሉት በጥርስ ነው የሚሠሩት። ቲ300 በቺንጋ ነው። ጥርስና ጥርስ በሚገናኝበት ቦታ ሁልጊዜ ትንሽ ክፍተት አለ። ስለዚህ መሪው መሃል ላይ ሲሆን ይላላል፣ የመንገዱን ዳር ሲነካ ደግሞ ይንቀጫቀጫል። ቺንጋ ጸጥ ያለና ለስላሳ ነው፤ ግን ይለጠጣል፣ ሰበቃም አለው። ጥቃቅኗን ነገር መንገድ ላይ ይውጣታል።

ዳይሬክት ድራይቭ ላይ መሃል ገብ የለም። መሪው የሚታሰረው ከሞተሩ ዘንግ ጋር ነው። ሞተሩ ትልቅና ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ጉልበቱን የሚያባዛለት ስለሌለ ሁሉንም ራሱ ማውጣት አለበት።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ አንድ ኩርባ ላይ እንየው። ፈጣንና ረጅም ኩርባ ውስጥ ናችሁ፣ መሪው ከብዷል። የፊት ጎማዎች ከአቅማቸው በላይ ከተጠየቁ ያ ክብደት ቀስ እያለ ይቀልላል። መኪናው ገና ወደ ውጭ መውጣት ሳይጀምር እጃችሁ ያውቀዋል። የሚያመልጠው የኋላ ጎማ ከሆነ ደግሞ መሪው በራሱ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ መሸሽ ይጀምራል። በጥርስ መሪ ላይ ይሄ መልእክት ሲደርስ ዓይናችሁ ቀድሞ አይቶታል፤ ማረም የሚጀመረውም ከረፈደ በኋላ ነው። ዳይሬክት ድራይቭ ላይ ግን ጣታችሁን ላላ ብታደርጉት ግማሹን ሥራ መሪው ራሱ ይሠራዋል። ሰው «መኪናውን ማዳን ቀለለኝ» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ደረጃ 1፦ ከቤዙ በፊት ፍሬኑን እዩ

ይሄን ማንም መስማት አይፈልግም፣ ግን ልበለው። ፍሬናችሁ አሁንም እግር የወረደበትን ርቀት የሚለካ ከሆነ፣ ገንዘባችሁ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ሎድ ሴል ወዳለው ፔዳል ነው። ሎድ ሴል የሚለካው ርቀቱን ሳይሆን ግፊቱን ነው። እግር ደግሞ ርቀትን ከማስታወስ ይልቅ ግፊትን ማስታወስ ይቀናዋል። የዙር ሰዓት ላይ ለውጥ የምትፈልጉ ከሆነ ከቤዝ ይልቅ በፍሬን በኩል ቶሎ ይመጣል።

ቤዝ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ መተማመን፣ ወጥነትና ደስታ። ሁለቱንም በአንዴ መግዛት ከቻላችሁ እሰየው። ካልቻላችሁ ግን ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው።

ደረጃ 2፦ ስንት ኒውተን ሜትር ይበቃል?

ኒውተን ሜትር በወረቀት ላይ ደረቅ ቁጥር ነው። ወደ እጅ ስንመልሰው ይገባል። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መሪ ብትይዙ፣ 5 ኒውተን ሜትር ማለት ጠርዙ ላይ 3.4 ኪሎ ያህል ጉተታ ነው። 8 ሲሆን 5.4 ኪሎ፣ 12 ሲሆን 8.2 ኪሎ፣ 20 ሲሆን 13.6 ኪሎ ይደርሳል። ጂ29 የሚሰጠው ከ2 ኒውተን ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ቲ300 ወደ 4 ይጠጋል። ስለዚህ ከጂ29 የሚነሳ ሰው ባለ 5 ኒውተን ሜትር ዳይሬክት ድራይቭ እንኳ ከእጥፍ በላይ ይሆንበታል።

የመሪው ስፋትም ሒሳቡን ይለውጠዋል። ያው 12 ኒውተን ሜትር በ28 ሴንቲ ሜትር መሪ 8.7 ኪሎ ነው፣ በ33 ሴንቲ ሜትር መሪ ደግሞ 7.4 ኪሎ። ትልቅና ከባድ መሪ ያሰረ ሰው «ቤዙ ደካማ ነው» ቢል አይገርምም፤ የከባድ መሪ ክብደት በራሱ ጥቃቅኑን ንዝረት ያፍናል።

ከሚታወቁት ጥቂቶቹን በጥቅሉ ብንደረድራቸው፣ ከታች ፋናቴክ ሲኤስኤል ዲዲ አለ፤ ከራሱ የኃይል ማቅረቢያ ጋር 5፣ ከ180 ዋቱ ጋር ደግሞ 8 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ሞዛ አር5 እና አር9 በዚሁ ሰፈር ናቸው። ከፍ ሲል ትረስትማስተር ቲ818 በ10፣ በ2022 የወጣው ሎጂቴክ ጂ ፕሮ በ11፣ ሞዛ አር12 በ12፣ ሲማጂክ አልፋ በ15 ይገኛሉ። ሲሙኪዩብ 2 ስፖርት 17 ሲሆን ፕሮው 25 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለጉራ ካልሆነ ወይም ደግሞ ልምድ ላለው ሰው ካልሆነ አይመከርም።

እኔ ብጠየቅ ከ8 እስከ 12 ያለው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ለዓመታትም አይጠበውም። ጠረጴዛ ላይ ለምትነዱ 5 በቂ ነው። ስታወዳድሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ አንዳንዱ የሚጽፈው ለቅጽበት የሚያወጣውን ጉልበት ነው፣ ሌላው ሳይቋረጥ የሚይዘውን። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ደረጃ 3፦ የሚገጥመውና የማይገጥመው

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ሦስት ነገር አጣሩ።

አንደኛ፣ በምን ትጫወታላችሁ? ፒሲ ሁሉንም ይቀበላል። ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ግን ፈቃድ ያለውን ዕቃ ብቻ ነው የሚያውቁት። ፋናቴክ ላይ የፕሌይስቴሽኑ ፈቃድ ያለው ቤዙ ውስጥ ነው፣ የኤክስቦክሱ ደግሞ መሪው ውስጥ። ጂ ፕሮ ለሁለቱ ኮንሶሎች በተለያየ ሞዴል ይሸጣል። ሳጥኑ ላይ ያለውን ምልክት ሳታዩ አትክፈሉ።

ሁለተኛ፣ የድሮ ፔዳላችሁስ? የጂ29 ፔዳል የሚሰካው ቤዙ ላይ ነው፣ ባለ 9 ፒን ማገናኛ ነው ያለው። አዲሱ ቤዝ ይህን ሶኬት አያውቀውም። ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ትንሽ አስማሚ ይገዛለታል፤ ከዚያ በቀጥታ ፒሲው ላይ ይሰካል። ብዙዎቹ የትረስትማስተር ፔዳሎችም ቤዙ የሌላ ድርጅት ከሆነ እንደዚሁ አስማሚ ይፈልጋሉ። ኮንሶል ላይ ከሆናችሁ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው ብላችሁ አስቡ። ፔዳሉ በቤዙ በኩል ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ የቤዙ ቤተሰብ መሆን ይኖርበታል። የድሮው መሪ ራሱስ? እርሱትና ከነቤዙ ሽጡት።

ሦስተኛ፣ መሪውን ከቤዙ የሚያገናኘው ፈጣን ማላቀቂያ። ኩዊክ ሪሊዝ ይሉታል። አብዛኛው ድርጅት የራሱ አለው፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ፋናቴክ ውስጥ እንኳ በ2023 የመጣው ኪውአር2 ከድሮው ጋር አይስማማም፤ በመሪውም በቤዙም በኩል መቀየር አለበት። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ በተለይ ይሄን ጠይቁ። የእውነተኛ መኪና መሪ ማሰር ለምትፈልጉ፣ በብዛት የሚገኘው ባለ ስድስት ቀዳዳ ሆኖ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። መሪው ላይ ቁልፎች ካሉ ደግሞ መረጃው በማላቀቂያው ፒኖች ያልፋል ወይስ የራሱ ገመድ አለው የሚለውን እዩ።

ደረጃ 4፦ የሚታሰርበት ነገር

ቤዙ ያወጣው ኃይል አንድ ቦታ መሄድ አለበት። የያዘው ነገር ከተወዛወዘ ኃይሉ እዚያ ያልቃል፣ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው ትራፊው ነው። ጥሩ ቤዝ በላላ ማሰሪያ ላይ ከመካከለኛ ቤዝ አይሻልም። ይህን አምኖ በጀቱን ለሁለቱ የሚያካፍል ሰው ጥቂት ነው።

ጠረጴዛ ላይ በማጣበቂያ የሚታሰር ከሆነ 5 ኒውተን ሜትር ይሄዳል። ጠረጴዛው ወፍራምና ከባድ ከሆነ 8ም ይቻላል። ከዚያ በላይ ይቅርባችሁ። ታጣፊ ስታንድም እንዲሁ ከ8 በላይ ሲሆን መተርከክ ይጀምራል። ከ10 ወዲያ ቋሚ ኮክፒት (መሪው፣ ፔዳሉና ወንበሩ አብረው የሚታሰሩበት ፍሬም) ያስፈልጋል። ከአልሙኒየም ፕሮፋይል የሚገጣጠመው ነው የሚመረጠው። ቤዙን የሚሸከሙት ቋሚዎች 40 በ80 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ 40 በ40 የሆነው ለቀላሉ ክፍል ይበቃል። የብረት ቱቦ በደንብ ከተበየደም ያው ሥራ ይሠራል፤ ፕሮፋይል የሚበልጠው በየጊዜው ቁመትና ርቀት ለመለወጥ ስለሚመች ነው።

የቢሮ ወንበር የምትጠቀሙ ከሆነ ጎማዎቹን ቆልፉ ወይም ንቀሉ። አለበለዚያ ፍሬን በረገጣችሁ ቁጥር ወደኋላ ትሄዳላችሁ፣ መሪው ሲከብድም ወንበሩ ይዞራል።

ደረጃ 5፦ መግጠም

ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ብሎኖቹን አዘጋጁ። ኤም6 እና ኤም8 የሚባሉት ናቸው በብዛት የሚያገለግሉት። ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ስብስብ፣ ሮንዴላና ፕሮፋይሉ ውስጥ የሚገባው ዳዶም ያስፈልጋል። ማኑዋሉ ላይ የብሎኑ ጥልቀት ተጽፏል፤ አንብቡት። ረጅም ብሎን በጉልበት ብታጠብቁ ውስጥ ያለውን ነገር ይወጋል።

ቤዙ ከሥር፣ ከፊት ወይም ከጎን ሊታሰር ይችላል። የሚመረጠውን ቤዙ ራሱ ይወስነዋል። አራቱንም ብሎን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቡ። ከዚያ በሰያፍ እየተፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ አንዱን እስከ ጥግ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ሳጥኑን ያጣምማል።

ቁመቱንና ርቀቱን ለማግኘት ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ አስደግፉ። ትከሻችሁ ሳይነሳ ክንዳችሁን ዘርጉ። የእጅ አንጓችሁ በመሪው አናት ላይ ካረፈ ርቀቱ ልክ ነው። እጃችሁን ሦስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስታደርጉ ክርናችሁ እጥፍ ማለት አለበት። ክንዱን ዘርግቶ የሚነዳ ሰው ጠንካራ ቤዝ ላይ ትከሻው ቶሎ ይደክማል። አዲሱ ቤዝ ከድሮው ረዘም ስለሚል ስክሪኑ ወደኋላ ሊገፋ ይችላል፤ ቦታ ለኩ። ከኋላውና ከጎኑ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ። ሳጥኑ ራሱ ነው ሙቀት የሚያስወጣው፤ ከረጅም ውድድር በኋላ መሞቁ ጤናማ ነው።

ኃይል ሳትሰጡት አሁን ፈትሹ። መሪውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ግራና ቀኝ ወዝውዙ። ዓይናችሁ መሪው ላይ ሳይሆን ቤዙ ከሰሌዳው፣ ሰሌዳው ከቋሚው በሚገናኝበት ቦታ ላይ ይሁን። የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ካለ አሁን ነው የሚያዘው።

ገመዶቹን በመጨረሻ። የኃይል ማቅረቢያውን የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ያለው ሶኬት ላይ ሰኩ። ዩኤስቢውን በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ከፒሲው ጀርባ። የማቆሚያ ቁልፍ ካለው፣ ያ ትልቁ ቀይ፣ ሳታዩ በእጅ የሚደረስበት ቦታ ላይ እሰሩት። የዩኤስቢ ገመዶችና የቤዙ የኃይል ገመድ አብረው እንዳይታሰሩ፤ ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 6፦ ሶፍትዌር

መጀመሪያ የድሮውን መሪ ፕሮግራም አጥፉ። ሁለት የመሪ ፕሮግራም አንድ ላይ ሲሠሩ የሚጣሉበት ጊዜ አለ። ከዚያ የአዲሱን ጫኑና ፈርምዌሩን፣ ማለትም ዕቃው ውስጥ ያለውን ፕሮግራም፣ አሻሽሉ። ቤዙ፣ መሪውና ፔዳሉ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፈርምዌር ሊኖራቸው ይችላል። እያሻሻለ ሳለ ገመድ አትንቀሉ፣ ፒሲውም አይተኛ።

መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ መሃሉን አስመዝግቡ። የመዞሪያ ልኩን 900 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ጌሙም ያንኑ ቁጥር ማወቅ አለበት፤ አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲሲዮኔ ላይ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ስክሪኑ ላይ ያለው መሪና የእናንተ እጅ አይገናኙም።

ጌሙን ስትከፍቱ የድሮውን የመቆጣጠሪያ ፕሮፋይል አትጠግኑ፣ ከባዶ ጀምሩ። በድሮው ፋይል ውስጥ ለጥርስ መሪ የተደረጉ ማካካሻዎች ተቀብረዋል። ዋናው ሚኒመም ፎርስ የሚባለው ነው። የጥርስ መሪ ትንሽ ኃይል ሲላክለት ስለማይንቀሳቀስ ያንን ለማካካስ የተፈጠረ ነው። ዳይሬክት ድራይቭ ላይ ዜሮ መሆን አለበት። ካልሆነ መሪው መሃል ላይ ግራ ቀኝ ይንዘፈዘፋል። መሪውን ወደ መሃል የሚስበውን ሴንተሪንግ ስፕሪንግ የሚባለውንም አጥፉ። አሴቶ ኮርሳ ውስጥ ያሉትን የከርብ (የትራኩ ዳር ጠርዝ)፣ የመንገድና የመንሸራተት ማጋነኛዎች ዜሮ አድርጉ፤ እውነተኛው ነገር አሁን ስለሚሰማ የተፈበረከው አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ ኃይሉን ማስተካከል

ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ይሁን። የቀረው ሁሉ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ነው።

ጌሙ ወደ ቤዙ የሚልከው አንድ ቁጥር ነው፦ ከዜሮ እስከ መቶ በመቶ፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ። ከመቶ በላይ መላክ አይችልም። መኪናው 130 የሚያህል ኃይል ቢፈጥር የሚላከው 100 ነው፤ 110 ቢፈጥርም 100። በዚያን ጊዜ በ110 እና በ130 መካከል ያለው ልዩነት ጠፋ ማለት ነው። መሪው ይከብዳል፣ ግን ዱዳ ነው። ክሊፒንግ የሚሉት ይህን ነው። ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቶ እንደሚንኮሻኮሽ ስፒከር ቁጠሩት፤ ጩኸት አለ፣ ቃሉ ግን አይለይም።

ሁለት የኃይል መቆጣጠሪያ እንዳለ ልብ በሉ። አንዱ ጌሙ ውስጥ ነው፣ ሌላው በቤዙ ፕሮግራም ውስጥ። ብዙ ሰው እነዚህን ይቀላቅላል። ክሊፒንግ የሚፈጠረው ጌሙ ውስጥ፣ መልእክቱ ገና ሳይወጣ ነው። የጌሙን ጌይን (የኃይል መጠኑን) ከፍ አድርጋችሁ፣ ከበዳችሁና የቤዙን ብትቀንሱ የሚመጣው ቀላል ነገር ግን የተቆረጠ ነገር ነው። የጠፋው አይመለስም። ስለዚህ አካሄዱ ይህ ነው፦

ቤዙን ለእጃችሁ በሚመች ጣሪያ ላይ አድርጉት። 12 ኒውተን ሜትር ቤዝ ካላችሁ ከ6 ወይም 7 ጀምሩ። የጌሙን ጌይን ወደ 50 በመቶ አውርዱ። የምታውቁትን መኪናና የምታውቁትን ትራክ ምረጡ። ጂቲ3 የሚባለው የውድድር መኪና በቤልጂየሙ ስፓ ትራክ ጥሩ ነው፤ ኦ ሩዥ የሚባለው ኩርባ ላይ መኪናው ወደ መሬት ስለሚጫን ኃይሉ በአንዴ ይወጣል። ረጅሙ የጀርመን ትራክ ኑርቡርግሪንግ ኖርድሽላይፈ ላይ ያለው ካሩሴል የሚባለው ኩርባም ለዚህ ፈተና የተሠራ ይመስላል።

ጎማው እስኪሞቅ ጥቂት ዙር ንዱ። አሴቶ ኮርሳ ላይ ከፔዳሎቹ ባር ጎን ግራጫ ባር አለ፤ ሲቆረጥ ቀይ ይሆናል። ዓይናችሁን እዚያ ላይ አትትከሉ፣ ስክሪኑን በቪዲዮ ቅረጹና በኋላ እዩት። በተለመደው ፈጣን ኩርባ ውስጥ ቀይ ከሆነ ጌይኑ በዝቷል። ኦ ሩዥ ላይ ወይም ከርብ ሲመታ ብቻ ብልጭ ካለ ልክ ነው። ፈጽሞ ቀይ እንዳይሆን ማድረግ አያስፈልግም፤ ለአንዲት ከርብ ብሎ የቀረውን ሁሉ ማቅለል ኪሳራ ነው። አይሬሲንግ የሚባለው ጌም ላይ ሥራው ይቀላል። የቤዛችሁን ኒውተን ሜትር ትነግሩታላችሁ፣ ጥቂት ዙር ከነዳችሁ በኋላ አውቶ የሚለው ቁልፍ ለዚያ መኪና የሚሆነውን ራሱ ያሰላል።

አሁን ክብደቱ። መሪው ከብዶ ጥርሳችሁን እያስነከሰ ከሆነ የቤዙን ጣሪያ አውርዱ፣ ጌሙን አትንኩ። ቀለለኝ ካላችሁ ቤዙን ከፍ አድርጉ። ልኩ የቱ ነው? ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣቶቻችሁ መሪውን ጨምድደው ካልያዙ ልኩ እሱ ነው። ጨምድዶ የያዘ እጅ ዝርዝር አይሰማም፤ ዝርዝሩን ነው ደግሞ የገዛችሁት።

ደረጃ 8፦ ማለስለሻዎቹ

ዳምፐር፣ ፍሪክሽን፣ ኢነርሻ፣ ፊልተር። ስማቸው ከድርጅት ድርጅት ትንሽ ይለያያል፣ ሥራቸው ያው ነው። ዳምፐር መሪው በፍጥነት ሲዞር ይይዘዋል። ፍሪክሽን ሁልጊዜ ትንሽ ሰበቃ ይጨምራል። ኢነርሻ መሪውን ከክብደቱ በላይ ከባድ ያስመስለዋል። ፊልተር፣ አንዳንዶች ኢንተርፖሌሽን ይሉታል፣ ከጌሙ የሚመጣውን ደረጃ ደረጃ ያለ መልእክት ያለሰልሳል። አይሬሲንግ በነባሪው በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ስለሚልክ እዚያ ፊልተሩ ያስፈልጋል። ፈጥነው የሚልኩት ላይ ዝቅ ይበል።

ሁሉንም ዜሮ አድርጋችሁ አትጀምሩ። «ጥሬው ይሻላል» የሚል ፋሽን አለ፤ አልስማማበትም። እውነተኛ መኪና ውስጥ ኩሽኔታ አለ፣ ዘንግ አለ፣ ዘይት አለ። ሁሉም ይይዛል። ዳምፐሩን ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ፍሪክሽኑን ከዚያ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከዚያ አንዱን ብቻ ቀይሩ፣ አምስት ዙር ንዱ፣ ወደ ሌላው ሂዱ። ሦስቱን በአንዴ የነካ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም። የሌላ ሰው የተዘጋጀ ፕሮፋይል ማውረድም ይቻላል፤ ግን የዚያ ሰው መሪ፣ ኮክፒትና ክንድ የእናንተ አይደለም።

ስለ ደህንነት

ይሄ አሻንጉሊት አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቱት ኃይሉ ከ30 በመቶ በታች ይሁን። የተሳሳተ አቅጣጫ ተመዝግቦ ከሆነ መሪው ወደ መሃል ከመመለስ ይልቅ እስከ ጥግ ይሮጣል። እንዲህ ካደረገ ኢንቨርት የሚለውን አማራጭ ለውጡ። አውራ ጣታችሁን በመሪው አግዳሚ ውስጥ አትጠምጥሙ፣ ጠርዙ ላይ ይረፍ። ግድግዳ ልትመቱ መሆኑን ስታውቁ እጃችሁን ልቀቁ፤ የእውነተኛ ተወዳዳሪዎች ልማድ ነው፣ ቤትም ይሠራል። ኃይል ያለውን መሪ ልጅ አይንካው። መብራት ቢቋረጥ መሪው ባንዴ ይላላል፤ ሲመለስ ደግሞ ራሱን ለማስተካከል ሊዞር ስለሚችል እጅ አታስገቡ።

የተለመዱ ችግሮች

ቀጥታ መንገድ ላይ መሪውን ስትለቁት ግራ ቀኝ እያለ እየጨመረ የሚወዛወዝ ከሆነ ቤዙ አልተበላሸም። መሪው ያለበት ቦታ ተነቦ መልሱ እስኪደርስ ትንሽ ጊዜ ያልፋል፤ መልሱ ሲደርስ መሪው አልፎታል። ቀለል አድርጋችሁ ብትይዙት ይቆማል። ካስቸገረ ዳምፐር ጨምሩ።

ውድድር መሃል ፔዳሉ ወይም ማርሹ ከፒሲው ከተቋረጠ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። ሞተሩ ሲሠራ የሚፈጥረው ረብሻ በዩኤስቢ ገመድ ይገባል። የቤዙን የኃይል ገመድ ከዩኤስቢዎቹ አርቁ። ገመዱ ላይ ረብሻውን የሚያፍን የፌራይት ቀለበት ክተቱ። ዊንዶውስ ዩኤስቢን ለኃይል ቁጠባ እንዳያጠፋ አማራጩን ዝጉ። ካልሆነ ኮክፒቱን መሬት አስይዙ። አልሙኒየም ፕሮፋይል ላይ ያለው ሽፋን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ሽቦው የሚያርፍበትን ቦታ ፋቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ይሄን ሳያውቅ ሽቦ አስሮ «አልሠራም» የሚል ብዙ ነው።

መሪውን በቀስታ ስታዞሩ የጠጠር ዓይነት ስሜት ካለ መጀመሪያ ፊልተሩን ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ። ኃይሉ ጠፍቶም ደረጃ ደረጃ የሚል ስሜት ቢኖር የሞተሩ ማግኔቶች ጠባይ ነው። ኃይል ሲገባ ብዙውን ጊዜ አይሰማም። ቋ የሚል ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው ከፈጣን ማላቀቂያው ወይም ከላላ ብሎን ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ ብሎኖቹን ሁሉ አንድ ዙር አጥብቁ፤ ከቤዙ ሥር ያሉት አራቱና የፔዳሉ ሰሌዳ ከሁሉም ቀድመው ይላላሉ።